ሣቁ የቀጠነበት ዘመን
የ«ማሽ» ኮሜዲ አሥራ አንድ ዓመታት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 20 ቀን 1977፣ ማክሰኞ ማታ፣ በሁለት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅቶች ሁለት ስመ ጥር ኮሜዲዎች ታዩ። በኤ.ቢ.ሲ. የ«ሃፒ ዴይስ» ተወዳጅ ጎረምሳ ፎንዚ የቆዳ ጃኬቱን እንደ ደረበ በባሕር ላይ እየተንሸራተተ በአጥር የተከለለ ሻርክ ዘሎ ተሻገረ። በሲ.ቢ.ኤስ. ደግሞ «ማሽ» ስድስተኛ ዓመቱን ሲጀምር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠላና ሲሣቅበት የኖረው ሻለቃ ፍራንክ በርንስ፣ ማዕረጉ ጭምር ከፍ ተደርጎለት ወደ አገሩ መሄዱ ተሰማ፤ በእግሩም ቻርልስ ኤመርሰን ዊንቸስተር የሚባል፣ ከቦስተን ባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደ ሐኪም ተተካ።

ከሁለቱ ድርጊቶች የመጀመሪያው ተረት ሆኖ ቀርቷል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጨዋታ መካከል አንድ ትርዒት ከከፍታው የወረደበትን ቅጽበት «ሻርክ የዘለለበት» ብለው ሰየሙት፤ አባባሉም ውሎ አድሮ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ተሠራጨ። ለሁለተኛው ድርጊት ግን ተረት አልወጣለትም። ሆኖም ረጅም ዕድሜ የኖረ ኮሜዲ መቼ ከምርጥነቱ እንዳለፈ ለመዳኘት ለሚፈልግ ሰው፣ ከሻርኩ ይልቅ የሐኪሙ መምጣት ብዙ ያስተምራል።

የሻርኩ አባባል ውድቀት ቀን እንዳለውና ቀኑም በአንድ ጅል ድርጊት እንደሚታወቅ አድርጎ ያስባል። ለዚህ ደግሞ ራሱ «ሃፒ ዴይስ» እንኳ አይመችም። ትርዒቱ ከዚያች ምሽት ወዲያ እስከ 1984 ድረስ ቆይቷል፤ ያችን ክፍል የጻፈው ፍሬድ ፎክስም በ2010 በጋዜጣ ባወጣው መከላከያ በዚያ ምሽት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው አስታውሷል። «ማሽ» ደግሞ ጭራሹን የሚያሳፍር ነገር አልሠራም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ የተጻፈ፣ በብቃት የተተወነ፣ ሽልማት የማይለየው ትርዒት ነበር። ታዲያ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከመጀመሪያዎቹ ጋር አስተያይቶ ያየ ሁሉ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ሳይታወቀው አይቀርም። ጉሹን ጠላ የጠጣ ሰው ቅራሪው ሲቀዳለት ጣዕሙን ይለያል፤ ውሃው ስንተኛው ቅጂ ላይ እንደ በዛ ግን ተነሥቶ አይመሰክርም።

«ማሽ» የሚለው ስም የአሜሪካ ሠራዊት ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ምሕጻረ ቃል ነው። ታሪኩ የመነጨው በኮሪያ ጦርነት ያገለገለ አንድ ሐኪም ሪቻርድ ሁከር በሚል የብዕር ስም በ1968 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ በ1970 ሮበርት አልትማን ፊልም አደረገው። ላሪ ጌልባርት በዋና ደራሲነት፣ ጂን ሬይኖልድስ በአዘጋጅነትና በፕሮዲውሰርነት ለቴሌቪዥን አበጅተውት ሴፕቴምበር 17 ቀን 1972 መታየት ጀመረ። የኮሪያው ጦርነት ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ ተዋግቷል፤ ከ120 በላይ ወታደሮችም እዚያው ወድቀዋል። ሄሊኮፕተሮች ቁስለኛ ይዘው ሲወርዱ፣ ሐኪሞችና ነርሶች ሲሮጡ የሚታይበት የትርዒቱ መክፈቻ ለኮሪያ ዘማች ቀልድ ብቻ ሆኖ ሊታየው አይችልም።

በ1972 ግን የአሜሪካ ተመልካች በየማታው ዜና የሚያየው ሌላ ጦርነት ነበር። ጸሐፊዎቹ ኮሪያን ሲጠሩ ቬየትናምን ያስቡ እንደ ነበር ተመልካቹም ያውቅ ነበር። በቅኔ ቤት አነጋገር ኮሪያ ሰሙ፣ ቬየትናም ወርቁ ነበረች። በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር ድርጅት ያን ጊዜ ስለ ቬየትናም ኮሜዲ ለማሳየት የሚደፍር አልነበረም፤ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ በተወሰደ ታሪክ ግን ስለ ትእዛዝ ከንቱነት፣ ስለ ወጣቶች መቀጠፍ፣ ስለ ጄኔራሎች ድድብና እንደ ልብ መናገር ተቻለ። የልብ ወለዱ ደራሲ ይህ አዝማሚያ አላስደሰተውም፤ እርሱ ፀረ ጦርነት መጽሐፍ ጻፍሁ ብሎ አያምንም ነበርና።

አጀማመሩ የሚያኮራ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት በተመልካች ብዛት 46ኛ ሆኖ ስለ ነበር ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ1973 «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ከተባለው የዘመኑ ቀንደኛ ኮሜዲ ቀጥሎ በቅዳሜ ማታ እንዲታይ ሲደረግ በአንድ ጊዜ ወደ 4ኛ ደረጃ ወጣ። የተመልካች ብዛት የጥራት ሚዛን ነው ለሚል ሰው ይህ ብቻ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ትርዒቱ በዚያ ክረምት የለወጠው የሚታይበትን ሰዓት እንጂ ራሱን አልነበረም።

የጥንካሬው ምንጭ በመጀመሪያው ዓመት፣ በጃንዋሪ 1973 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ ግልጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። የዋናው ገጸ ባሕርይ የሐኪሙ የሆክአይ ፒርስ የልጅነት ወዳጅ፣ ስለ ጦርነቱ መጽሐፍ ለመጻፍ እግረኛ ወታደር ሆኖ የዘመተው ሰው፣ ሲስቅና ሲያስቅ ከቆየ በኋላ ቆስሎ ይመጣና በወዳጁ እጅ ሥር ይሞታል። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ፣ በሌላው ጊዜ መንገዱ የጠፋበት ዓሣ አጥማጅ የሚመስለው ሰው፣ በጦርነት ወጣቶች እንደሚሞቱና ሐኪሞችም ይህን ሊለውጡ እንደማይችሉ በቀላል ቃል ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ሁሉ በዚህ ሞት ጥላ ሥር ቆመ። ሰዎቹ የሚቀልዱት ደስ ስላላቸው ሳይሆን ካልቀለዱ ቢላዋውን ይዞ የሚቆም እጅ ስለማይኖራቸው መሆኑን ተመልካቹ ተረዳ።

በዚህ ላይ ከድርጅቱ ጋር የተደረገው ክርክር ለሙያ ባልደረቦች መጠቀስ ያለበት ነው። ሲ.ቢ.ኤስ. እንደ ዘመኑ ልማድ ተቀርጾ የተዘጋጀ የተመልካች ሣቅ በትርዒቱ ላይ እንዲጨመር አስገደደ፤ ጌልባርትና ሬይኖልድስ አጥብቀው ተቃወሙ። በመጨረሻ የተገኘው ስምምነት በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ሣቅ እንዳይሰማ የሚል ነበር። ሳይታሰብ ትልቅ የጥበብ ዘዴ ሆነ። ሣቁ ሲቋረጥ ተመልካቹ የት እንደ ገባ ያውቃል። በኦክቶበር 1974 የታየው ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ የተካሄደ ስለ ነበር አንድም ሰው ሠራሽ ሣቅ አልተሰማበትም። የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. ትርዒቱን ያለ ሣቁ ያሳይ ስለ ነበር፣ የዚያ አገር ተመልካች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌላ፣ ምሬቱ የበረታ «ማሽ» ነው ያየው።

ከፍታው የሦስተኛው ዓመት መዝጊያ ነው። ማርች 18 ቀን 1975 የታየው ይህ ክፍል ርእሱ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» ይባላል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ርእሱን ሲያይ መደነቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ባዕዳን አገሪቱን ይጠሩበት የነበረው የቀድሞ ስም እዚህ የገባው በድምፁ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ «በኋላ እንገናኝ» የሚለው አነጋገር በጥድፊያ ሲነገር «አቢሲኒያ» ስለሚመስል፣ አሜሪካውያን ይህን ቃል እንደ ስንብት ቀልድ ይጠቀሙበት ነበር። የአንዲት አገር ስም የቃላት ጨዋታ መሆኑ ሊያስከፋ ይችል ይሆናል፤ ታሪኩን ላየ ግን ጨዋታው የዋዛ አይደለም። ተዋናዩ ማክሊን ስቲቨንሰን ትርዒቱን ሊለቅ ስለ ወሰነ፣ ሄንሪ ብሌክ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት የመሰናበቻ ክፍል ተጻፈ። ተዋንያኑ የተሰጣቸው ጽሑፍ በዚያ ያልቃል። የመጨረሻዋን ገጽ ጌልባርትና ሬይኖልድስ ደብቀው ያዙ፤ አስቀድሞ የሚያውቀው አለን አልዳ ብቻ ነበር። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ገጿ ወጣች። የጽሕፈት ሥራ ሠራተኛው ራዳር አፉን ሳይሸፍን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቶ የሄንሪ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ መውደቁንና የተረፈ ሰው አለመኖሩን ያስታውቃል። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በክፍሉ ሣቅ የለም።

ተመልካቹ ተቆጣ፤ ሐዘንና ቁጣ የተሞላባቸው ደብዳቤዎች ጎረፉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በኮሜዲ ውስጥ የተወደደ ሰው ሲሰናበት በሌላ ቦታ ኑሮውን እንደሚቀጥል የሚያረጋግጥ ያልተጻፈ ውል ነበረና፣ «ማሽ» ይህን ውል አፈረሰ። በዚያ ማርች ገና ብዙ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ከቬየትናም «በኋላ እንገናኝ» ብሎ የጻፈላቸውን ሰው አስከሬን የተቀበሉበት ትዝታ ትኩስ ነበር።

ትርዒቱ ከታየ ከ43 ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1975፣ ሳይጎን ወደቀች። ስለ «ማሽ» ማርጀት የሚጽፉ ሰዎች ተዋንያን የመጡበትንና የሄዱበትን ቀን ሲቆጥሩ ይህችን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይዘሏታል። ከዚያ ዕለት ወዲያ ሰሙ በቦታው ቀረ፣ ወርቁ ግን አለቀ። ኮሪያ ኮሪያ ብቻ ሆነች። የሐኪሞቹ ቁጣ ትናንት ማታ ዜና ላይ የታየ ነገር የሚመታ መሆኑ ቀርቶ፣ ሁሉም ወደሚስማማበት አጠቃላይ ጦርነት ጠልነት ተለወጠ። ጦርነት ክፉ ነው የሚል ሰው በ1972 ግማሹን ተመልካች ሊያስቀይም ይችል ነበር፤ በ1979 የሚያስቀይመው ሰው አልነበረም።

ከዚህ ጋር የውስጥ ለውጥ ገጠመ። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ከብሌክ ሌላ የሆክአይ ባልንጀራ ትራፐር ጆንም ያለ ስንብት ጠፋ፤ ተዋናዩ ዌይን ሮጀርስ በውል ጉዳይ ለቆ ነበርና። ጌልባርት አራተኛውን ዓመት ጨርሶ በ1976 ሄደ። የመጨረሻ ሥራው በፌብሩዋሪ 24 ቀን የታየው «ቃለ ምልልሱ» ሲሆን፣ በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ፣ እውነተኛ ጋዜጠኛ የነበረው ክሊት ሮበርትስ የሠፈሩን ሰዎች የሚጠይቅበት፣ ተዋንያኑም መልሳቸውን በከፊል ከራሳቸው የፈጠሩበት ነው። ከትርዒቱ ሁሉ ይህን የሚያስበልጡ አሉ፤ አልተሳሳቱም። ሬይኖልድስ አምስተኛውን ዓመት ሲጨርስ ለቀቀ፤ የፍራንክ በርንስ ተዋናይ ላሪ ሊንቪልም ገጸ ባሕርዩን የሚወስድበት ቦታ ስላጣ በዚያው ተሰናበተ።

የሦስቱን ተተኪዎች ጠባይ ከቀደሙት ጋር ያስተያየ ሰው የትርዒቱን ሂደት በግልጽ ያነባል። ሚስቱን ረስቶ ከነርሶች ጋር የሚዞረው ትራፐር ሄዶ፣ የቤቱና የልጁ ናፍቆት እንቅልፍ የሚነሣው ታማኙ ቢ.ጄ. ሃኒከት መጣ። ፊርማውን የት እንደሚያኖር የማያውቀው ሄንሪ ብሌክ ሞቶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀመረ፣ ፈረስ የሚወድ፣ ትእዛዙ የሚከበር ኮሎኔል ፖተር ተተካ። ቁስለኛን የሚያበላሸው፣ ፈሪውና ሸረኛው በርንስ ሄዶ፣ ከሆክአይ የማያንስ ቢላዋ ያለው፣ ሙዚቃ የሚወድ፣ ቢኮራም ክብር ያለው ዊንቸስተር ገባ። ሦስቱም ጊዜ ደካማ ሰው ወጥቶ ደኅና ሰው ገባ። ሠፈሩ ተቃና፤ ቀልዱ ግን መደገፊያውን አጣ። ለቀደመው ሣቅ መሠረቱ የሰው ነፍስ ባልበቁ ሰዎች እጅ መውደቁ ነበርና።

ይህን ሲሉ በርንስ መቆየት ነበረበት ማለት አይደለም። በአምስተኛው ዓመት ላይ በርንስ ከሰውነት ወጥቶ መጫወቻ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ወዳጁ ማርጋሬት ሁሊሃን ሌላ ሰው ስታገባ የቀረውም ተነጠቀ። ዴቪድ ኦግደን ስቲየርስ በዊንቸስተር የሠራው ሥራም ከሊንቪል የሚያንስ አይደለም፤ በትወና ሚዛን ቢመዘን እንዲያውም ይከብዳል። ለውጡ ግድ ነበር፤ በብልሃትም ተፈጸመ። ከምርጥነት ያሳለፈውም ይኸው ግድ የነበረ ለውጥ ነው፤ ቀን ቆራጩን ዳኛ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት የተገኘው ትርፍ ደግሞ መካድ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነርሶቹ ሐኪሞቹ የሚያሯሩጧቸው ቆነጃጅት ከመሆን አላለፉም፤ ማርጋሬትም በቅጽል ስሟ መሣቂያ ነበረች። በኦክቶበር 1976 ስለ ነርሶቹ በተጻፈው ክፍል ሎሬታ ስዊት የሥልጣን ብቸኝነት ምን እንደሆነ ስታሳይ፣ የቀድሞዎቹ ቀልዶች ያፍራሉ። በኖቬምበር 1978 አንድ ክፍል መናገር በማይችል ቁስለኛ ዓይን ብቻ ተቀረጸ። በ1980 የታየው «ሕልሞች» በድካም የወደቁ ሐኪሞችን ቅዠት አሳየ፤ በሠላሳ ደቂቃ ኮሜዲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚደፍር ብዙ አልነበረም። አለን አልዳም በአንድ ትርዒት ለትወና፣ ለአዘጋጅነትና ለድርሰት የኤሚ ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይሁን እንጂ ትርዒቱ ራሱ የምርጥ ኮሜዲ ሽልማት ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1974 ነው፤ ዳኞች ብዙ ጊዜ ቢሳሳቱም በዚህ አልተሳሳቱም ለማለት ይቻላል።

የማርጀቱ ምልክት በትንንሽ ነገሮች ይታይ ነበር። ወታደር ክሊንገር በእብደት ሰበብ ከሠራዊቱ ለመባረር የሴት ልብስ ይለብስ ነበር። ራዳር በ1979 ትርዒቱን ሲለቅ የጽሕፈት ሥራውን ክሊንገር ወረሰ፤ ቀሚሱንም ጣለ። ማምለጥ የተወ ሰው ሆነ። በኮሪያ ውጊያው የፈጀው ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ያህል ነበር፤ ትርዒቱ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ፤ የሐኪሞቹ ጠጉር ሸበተ። በመጀመሪያ በሰካራም ጨዋታ መካከል ብልጭ ብሎ የሚጠፋው የሆክአይ ምሬት ወደ ንግግር ተለወጠ፤ የሚከራከረው ሰው ስለሌለ ንግግሩ ረዘመ። የተቀረጸው ሣቅም እየቀነሰ ሄደ። ጌልባርት ሲታገልለት የነበረው ነገር በመጨረሻ የተገኘው፣ ሣቅ የሚያስፈልገው ነገር ሲያንስ ነው።

እንግዲህ ፍርድ ይሰጥ ከተባለ የ«ማሽ» ምርጥ ዘመን ከጃንዋሪ 1973 እስከ ፌብሩዋሪ 1976፣ ከሆክአይ ወዳጅ ሞት እስከ ቃለ ምልልሱ ነው። የሄንሪ ሞት ቁንጮው ነው፤ ሴፕቴምበር 1977 ደግሞ በሩ የተዘጋበት ምሽት ነው። ከዚያ በኋላ የታየው ደኅና ድራማ ነው፤ አንዳንዱም ታላቅ ነው። ኮሜዲነቱ ግን እንግድነት ነበረው።

የተመልካች ቁጥር ይህን ፍርድ አይደግፍም። በአሥራ አንደኛው ዓመት ትርዒቱ 3ኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከቶ ባልወጣበት ደረጃ። ሲ.ቢ.ኤስ. ገና ብዙ ዓመት ሊያሳየው ይችል ነበር። እንዲቆም የፈለጉት አልዳና አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት በ16 ክፍሎች ብቻ ተወሰነ። በቁጥር ላይ ሳሉ ገበያውን ትቶ መነሣት በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ አይታይም። ያልተነሡትም አሉ፦ ከተዋንያኑ ሦስቱ የቀጠሉት «አፍተር ማሽ» የተባለው ትርዒት በ1983 ተጀምሮ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተዘጋ።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1983 የታየውን የሁለት ሰዓት ተኩል መደምደሚያ ወደ 106 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመለከተው። በ1982 መኸር የቀረጻ ሠፈሩን ያቃጠለው እውነተኛ ቃጠሎ እንኳ ወደ ታሪኩ ገባ። ሆክአይ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገብቷል፤ በአውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ዶሮዋን ዝም ስላሰኘችበት ነገር ይናገራል። ዶሮው ሕፃን እንደ ነበር ቀስ በቀስ ይገለጥለታል። ዊንቸስተር ሞዛርት ያስተማራቸው የቻይና ምርኮኞች ይሞቱበታል፤ ሙዚቃ ለእርሱ ዕረፍት መሆኑ ይቀራል። የ1973ቱ ጭካኔ ለአንድ ምሽት ተመልሶ ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ ቢ.ጄ. ስንብት የሚለውን ቃል ከአፉ ለማውጣት አሻፈረኝ ይላል። ሆክአይ በመጨረሻ በሄሊኮፕተር ተነሥቶ ወደ ታች ሲመለከት፣ ወዳጁ በማረፊያው ሜዳ ላይ በድንጋይ ደርድሮ የተወለትን ጽሑፍ ያያል። ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ስንብቱ በአንዲት አገር ስም ተሸፍኖ ነበር የተነገረው። በ1983 ፊደሎቹ ከሰማይ እንዲነበቡ ሆነው በትልቁ ተጽፈዋል፤ «ደኅና ሁን» ይላሉ።